መንገድ ከፋቹ

ፍቃዱ የትምወርቅን ለማግባት ሁለት ጊዜ ሽማግሌ ልኮ ሁለቴም አፈረ። የመጀመሪያዎቹን ሽማግሎች አባቷ አቶ ኃይለ መስቀል «ላስብበት» ብለው ሸኟቸው። ሁለተኛዎቹን ግን ዳላስ ውስጥ ቪከሪ ሜዶ ሰፈር ካለው ከልጃቸው አፓርታማ ሳሎን አስቀምጠው፣ «አባቱ ሚኒስቴር መሥሪያ ቤት ሳለሁ በር ከፋቴ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት ቆቡን አውልቆ እጅ ይነሳኝ ነበር። ለዘበኛ ልጅ ነው ልጄን የምድረው?» አሏቸው። ሽማግሎቹ ይህን በሆዳቸው ቢይዙት ምን ነበረበት? ፍቃዱ ከሚጠብቅበት መኪና ገብተው አንዲት ቃል ሳያስቀሩ ነገሩት።

ፍቃዱ ሲናደድ የሚጮህ ሰው አይደለም፤ ቢሆን ኖሮ ይሻል ነበር።

የትምወርቅ ያለ አባቷ ምርቃት አላገባም ብላለች። አባትየው ደግሞ በመጋቢት ወደ አገራቸው ይመለሳሉ። በፈረንጆቹ 1997፣ ጥር ላይ፣ መላውን ያመጣችው እሷው ነበረች።

«ፍቄ፣ አባባን ለምን ኮሎራዶ ወስደህ በረዶ አታሳየውም? ማለቴ፣ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ ይለምድሃል። እኔ ኦፍ አላገኝም።»

ፍቃዱ ሪቻርድሰን ከተማ የሚሠራበት የስልክ ኩባንያ በየዓመቱ ሠራተኞቹን ወደዚያ ተራራ ይወስድ ስለነበር ሦስት ጊዜ ሄዷል። የበረዶ ጫማ ያውቃል። እንደ ወንፊት የሰፋ ነገር ነው፤ ከቡት ሥር ይታሰርና ሰው እንዳይሰምጥ ይይዛል። አዲስ የጣለ፣ እንደ ዱቄት የላላ በረዶ ላይ ግን እሱም ቢሆን እስከ ጉልበት ይገባል። ስለዚህ ፊት ያለው እየረገጠ መንገድ ይከፍታል፣ ኋላ ያለው በተረገጠው ይሄዳል። የፊተኛው ሥራ የበሬ ሥራ ነው። ለዚህም ነው በየአሥር ደቂቃው ፊተኛው ገለል ብሎ ኋለኛው የሚተካው። አለቃም ቢሆን በተራው ይተካል።

ከዳላስ አሥራ ሦስት ሰዓት ነድተው ደረሱ። በማግስቱ ከተራራው ሥር ፍቃዱ ተንበርክኮ የሽማግሌውን ጫማ አሰረላቸው። ከዚያ ገለል ብሎ ቆመ።

«ጋሼ፣ ይቅደሙ።»

«ደንብ ታውቃለህ ለካ» አሉ አቶ ኃይለ መስቀል። ደስ አላቸው። «መንዝ ያደገ ሰው ዳገት አይፈራም።»

ስለ መተካካቱ ትንፍሽ አላለም። አሥር ደቂቃ አለፈ፤ ሃያ፤ አርባ። አቶ ኃይለ መስቀል ስልሳ አራት ዓመታቸው ነው። እግራቸውን ከበረዶው ነቅለው ያነሳሉ፣ ይሰምጣሉ፣ ደግሞ ይነቅላሉ። ቡታቸው ውስጥ በረዶ ገብቶ ካልሲያቸው ራሰ። ፍቃዱ ከኋላ እጁን ኪሱ ከትቶ ይከተላል። ደስ ይለዋል፤ ምን ይደበቃል፣ ደስ ይለዋል። የበር ከፋቹ ልጅ ዛሬ እሳቸው በከፈቱለት ይሄዳል። ሲወድቁ ያነሳቸዋል፣ ልብሳቸውን ያራግፍላቸዋል፣ «አይዞዎት ጋሼ፣ ይቅደሙ» ይላቸዋል። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል፤ የእሱ ቂም ይዞ አክብሮት ነበር። «አልቻልኩም» እንዲሉት ብቻ ነው የጠበቀው። አላሉትም። በሁለተኛው ሰዓት በፊታቸው ተደፉና ቀሩ።

ያኔ ፈራ። አዝሎ አወረዳቸው።

በየካቲት ዳላስ ሆስፒታል ውስጥ ውርጭ የበላቸው ሦስት የግራ እግራቸው ጣቶች ተቆረጡ። የትምወርቅ ለቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ እየደወለች «ፍቃዱ ነው አዝሎ ያተረፈልኝ» ስትል ሰነበተች። እሱም አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሰማል።

አንድ ቀን ነርሷን ልትጠራ ስትወጣ አቶ ኃይለ መስቀል ዓይናቸውን ከጣሪያው ሳያነሱ ተናገሩ።

«ከማዶ ባለው ዳገት አራት ፈረንጆች ይወጡ ነበር። አየሃቸው?»

«አላየሁም ጋሼ።»

«እኔ አየኋቸው። ፊት ያለው ጥቂት ይሄድና ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ሌላው ይተካል። ሴቷም በተራዋ መርታለች። ገና መጀመሪያ ላይ ነው ያየሁት።»

«ታዲያ ለምን ተካኝ አላሉኝም?»

«የዘበኛ ልጅ ልለምን? ደግሞም የት ድረስ እንደምትወስደኝ ማየት ፈለግሁ። አየሁ።»

«ይቅር ይበሉኝ።»

«ይቅርታህን ምን አደርገዋለሁ? ስማ፤ ዛሬ እመርቃችኋለሁ። ብትነግራትም እመርቃለሁ፣ ባትነግራትም እመርቃለሁ። ከእኔ አትሰማም። አባቷ ባነከሰ ቁጥር የምታያት አንተ ነህ።»

የትምወርቅ ገባች። ሁለቱ ሲያወሩ ማየቷ ፊቷን አበራው። ወደ ፍቃዱ ሄዳ ትከሻው ላይ እጇን ጣል አደረገች። ፍቃዱ አፉን ከፈተ። ቃሉ ምላሱ ላይ ነበር። እጇ ግን ሞቀው፤ አፉን መልሶ ዘጋ።

አቶ ኃይለ መስቀል ጥቂት ጠበቁት። ከዚያ «ኑ፣ ተንበርከኩ» አሉ። ሁለቱም አንሶላ የለበሰ ጉልበታቸውን ሳሙ።

«ውለዱ፣ ክበዱ። ሳትደባበቁ ኑሩ። አብራችሁ አርጁ።»

«አሜን» አለች የትምወርቅ እያለቀሰች።

አባትየው ግን ፍቃዱን እያዩ የእሱን አሜን ጠበቁ። የትምወርቅም ቀና ብላ አየችው።

«አሜን» አለ ፍቃዱ።