ስም ሊለጥፍ የመጣው ሰው

ማናለብሽ ሰውየውን መጠራጠር የጀመረችው ጃንጥላውን ሲዘረጋ ነው።

ከእንጅባራ ወጣ ብሎ ባለ አንድ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ጣቢያ በር ላይ አሥራ አንድ ዓመት በጥበቃ ሠርታለች። ክረምቱ የቱንም ያህል ቢያወርደው፣ እዚያ አጥር ውስጥ ጃንጥላ የከፈተ ሠራተኛ አይታ አታውቅም። ከራስ በላይ የተዘረጋው ሽቦ ሳይነኩትም ሰው እንደሚገድል ሁሉም ያውቃል።

«ይዝጉት! ጃንጥላውን ይዝጉት!» ብላ ጮኸችበት።

ሰውየው ደንግጦ ዘጋው። «ይቅርታ እናቴ፣ ዝናቡ ወረቀቴን እንዳያበላሽብኝ ብዬ ነው።»

ዮናዳብ እባላለሁ ብሎ ነበር ጠዋት በባጃጅ የመጣው። ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ይዟል፤ በየመሣሪያው ላይ አዲስ የስም ምልክት ሊለጥፍ እንደተላከ ይላል። የዕለቱ ተረኛ ኦፕሬተር ብሥራት፣ የዳንግላ መስመር ከንጋት ጀምሮ እየተቆራረጠ ስልኩ ፋታ ስላልሰጠው፣ ደብዳቤውን በዓይኑ ገረፍ አድርጎ መለሰለት። «እትዬ ማናለብሽ፣ አብረውት ይዙሩ። ከመሄጃው እንዳይወጣ» አላት።

እሷም ሦስት እርምጃ ያህል ወደኋላ ቀርታ ተከተለችው። ጫማው ስስ የከተማ ጫማ ነው። በየደረሰበት ቆሞ ስልኩን ያወጣል፤ ፎቶ ያያል፤ ቀና ብሎ መሣሪያውን ያያል፤ እንደገና ፎቶውን ያያል። የሆነ ነገር የሚፈልግ እንጂ ሥራውን የሚያውቅ ሰው አይመስልም።

ማናለብሽ ትምህርቷ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው። አሁን ጡረታ የወጡት የጣቢያው የድሮ ኦፕሬተር ጋሽ ዋኘው ግን በተቀጠረች ሳምንት እጇን ይዘው ግቢውን አዙረዋት ነበር። ክንፍ ክንፍ ያለውንና ቀኑን ሙሉ የሚያጉረመርመውን ትራንስፎርመር ለመለየት አስተማሪ አላስፈለጋትም። የሚያሳስቱት ሌሎቹ ናቸው። ሲኒ በሚባለው ረጅም የሸክላ እግር ላይ የቆሙት ሁሉ ለማያውቅ ሰው አንድ ናቸው። «ከእግሩ ሥር ሳጥን፣ ሳጥኑ ላይ ደግሞ ክፍት ወይም ዝግ የሚል ትንሽ መስኮት ካየሽ ብሬከር ነው፤ መስመር የሚቆርጠው እሱ ነው» ብለዋታል። «ያ ራሱ ወፈር ያለው መንትያው የሚመስለው ሲቲ ነው፤ ይለካል እንጂ አይቆርጥም። መስመሩ ሲገባ መጀመሪያ የምታገኚው መብረቅ መከላከያው ነው።»

ዮናዳብ አንዱ ሲቲ ፊት ቆመና «ብሬከር» የሚል ምልክት ለጠፈበት።

 ቀጥሎ ያለው ብሬከር ጋ ሄዶ ደግሞ «መብረቅ መከላከያ» ለጠፈ።  ሌቦች የሠራተኛ ልብስ ለብሰው፣ ደብዳቤ ይዘው፣ ከአንድ ጣቢያ መዳብ ቆርጠው ሄዱ ሲባል ሰምታለች። ይሄ ደግሞ ከፎቶ ጋር እያስተያየ ነው የሚዞረው።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለችው፣ እንደ ዋዛ። «የመስመር ኃይል ለማቋረጥ የትኛው ነው ቀድሞ የሚከፈተው? ብሬከሩ ነው ወይስ ያ ክንዱ የሚላቀቀው አይሶሌተር?»

ፈገግ አለ። «የቀረበው ይከፈታላ!»

 ብሬከሩ ሳይቆርጥ አይሶሌተር የከፈተ ሰው እሳት ይዘንብበታል፤ ይህን የጣቢያው ጽዳት ሠራተኛ እንኳ ታውቃለች። ማናለብሽ ሄዳ የግቢውን በር ቆለፈችና ብሥራትን ጠራችው። እንግዳው እንዳይሰማ በአካባቢው ቋንቋ፣ በአውንጊ ነበር የነገረችው፦ ሰውየው የመብራት ሠራተኛ አይደለም፣ በሩን ቆልፌዋለሁ፣ ፖሊስ ጥራ።

መልሱ የመጣው ከኋላዋ ነው፤ እሱም በአውንጊ። «ፖሊስ አይጥሩብኝ። የዚሁ የአዘና ልጅ ነኝ።»

ዞር ብላ አፈጠጠችበት። «ታዲያ ከጠዋት ጀምሮ ለምን ደበቅኸኝ?» እርስዎ ማለቱ ቀርቶ ነበር።

«አልደበቅሁም። ማን ጠየቀኝ?»

«መታወቂያህን አምጣ!»

ሰጣት። ዝናብ እየወረደበት መቆጣጠሪያ ክፍሉ ደረጃ ላይ ቁጭ አለ። የንብረት ክፍል ሠራተኛ መሆኑን ነገራት። አብሮት ሊመጣ የነበረው ቴክኒሻን ታምሞ ቀረ፤ አለቃውም «ፎቶ አለህ፣ እያስተያየህ ለጥፍ» ብሎ ላከው።

«አላውቅም ማለት አቅቶህ ነው?» አለችው።

«በር ላይ ለቆሙ ሰው አላውቅም ማለት አፈርሁ» አለ፣ አንገቱን ደፍቶ።

ነገሩ ከነከናት። ብሥራት መሥሪያ ቤቱን ደጋግሞ ደወለ። በአራተኛው አንድ ሰው አነሳና ልጁ የእነሱ መሆኑን አረጋገጠ። ማናለብሽ የሰማችው በስልክ ስለሆነ እሱንም በግማሽ ልብ ነው ያመነችው።

ከዚያ ብሥራት የተለጠፈውን ሊያይ ወጣ። አዲሶቹ ምልክቶች የድሮዎቹን ቁጥሮች ሸፍነዋቸዋል። አንዱ ጋ ሲደርስ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ ፊቱ ተለዋወጠ። በአዘና መስመር ብሬከር ላይ «ዳንግላ» ተብሎ ተጽፏል።

«ነገ የጥገና ቡድን ይመጣል» አለ፣ ድምፁ ዝቅ ብሎ። «የዳንግላውን ዘግተን ሊሠሩበት ነው። ይህን አንብበው በዚህኛው ላይ ቢወጡስ? ይሄ ኮ ኃይል እንዳለበት ነው!»

ዮናዳብ ጠጠሩ ላይ ቆሞ በእጁ የቀሩትን ምልክቶች አየ። «እኔ ንብረት መቁጠሪያ ብቻ ነው የመሰለኝ» አለ።

ማናለብሽ አየችው። የሌባ ፊት እንዲህ አይሆንም አለች በሆዷ። «ና፣ ከመጀመሪያው እንጀምር» አለችው። ብሥራት በቅርብ ቆሞ እያየ፣ እሷ ፊት ፊት ሄደች። ዮናዳብ የተሳሳተውን እየላጠ «ይሄስ?» ይላል፤ እሷ ስሙን ትነግረዋለች፤ ብሥራት ራሱን ይነቀንቃል። አንድ ቦታ ላይ እሷም ተሳስታ ብሥራት አረማት፤ ያኔ ዮናዳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ጨረሱ። በሩ ላይ መታወቂያውን መለሰችለት፤ በሩን ግን አልከፈተችም።

«ቦርሳህን ክፈተው።»

«አሁንም አላመኑኝም?»

«አምኛለሁ። ክፈተው ብቻ።»

ከፈተው። የተረፉ ምልክቶች፣ ግማሽ ዳቦ፣ የረጠበ ሹራብ። አንድ በአንድ አገላብጣ አየችና ቦርሳውን ራሷ ዘግታ አቀበለችው።

«አዘና የማን ልጅ ነህ?» አለችው፣ ቁልፉን እያዞረች።