ከኋላ የመጣው መኪና

አንዲት ቃል ጨምሬ እንደሆነ ምላሴ ከትናጋዬ ይጣበቅ፤ የምጽፈው በዓይኔ በብረቱ ያየሁትን ብቻ ነው። መኪናው ፀጉር አስተካካዩ ላይ የመጣው ከኋላው ነው። መኪና ስል ደግሞ ዝም ብሎ መኪና እንዳይመስላችሁ። ተሳቢ ያለው፣ ፊቱ አደባባዩን ዞሮ ሲጨርስ ጭራው ገና ከነዳጅ ማደያው ያልወጣ ጉድ ነው። ጎማውን መቁጠር ጀምሬ ሃያ ሁለት ላይ ሰለቸኝ። ክላክሱን ሲለቀው የመድኃኒት ቤቱ መስኮት ተንቀጠቀጠ፣ ርግቦቹ ከጣሪያው ተነሡ፣ እኔም ሻይ ቤቱ በረንዳ ላይ የያዝኩት ብርጭቆ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ።

ፀጉር አስተካካዩ ግን ዞር አላለም። ብስክሌቱን ከአስፋልቱ ጠርዝ ራቅ አድርጎ በዝግታ ይነዳል። ከኋላው፣ ዕቃ መጫኛው ላይ፣ አንደኛ ክፍል የገባች ልጁ ቦርሳዋን አዝላ ተቀምጣለች። አንድ እጇን ግራ ትከሻው ላይ ጣል አድርጋለች። መኪናው አንድ ክንድ ሲቀረው፣ ምን ክንድ፣ አንድ ስንዝር ሲቀረው፣ ሰውየው እንግዳ እንደሚያሳልፍ ባለቤት ረጋ ብሎ ወደ ዳር ጠጋ አለለት። ነፋሱ የልጅቷን ቀሚስ አውለበለበው። መኪናው አለፈ።

ልጁን ትምህርት ቤቱ በር ላይ አወረዳት፣ የቦርሳዋን ማንገቻ አስተካከለላት፣ ከዚያ ሱቁን ከፍቶ የትናንቱን ፀጉር መጥረግ ጀመረ። ምላጩን እንደ ወትሮው በአልኮል ወለወለ። «አለቱ» የሚል ስም ያወጣሁለት ያን ጠዋት ነው። ምሳ ሰዓት ሳይደርስ አገር ምድሩ በዚሁ ስም ይጠራው ነበር።

ዱሮ እንዲህ አልነበረም። ክረምቱን በትኩሳት ተኝቶ ከተነሣ ወዲህ ነው ነገር ሁሉ ከወፍራም ብርድ ልብስ ማዶ የሚደርሰው የመሰለው። ሰው ሲስቅ ዘግይቶ ፈገግ ይላል። በግራው ካለው አግዳሚ ወንበር አንዱ የገዛ ሚስቱ ጥላው እንደሄደች ቢያወራለት ማሽኑን ሳያቆም ከፊቱ ያለውን ደንበኛ «ጎኑን ላሳጥረው?» ብሎ ይጠይቃል። ኮራብን አሉ። እኔ ግን የበሰለ ሰው ወሬ አይሰማም ብዬ ተከራከርኩለት።

ሚስቱ ብቻ ነበረች የሰጋችው። የሆስፒታል ልብስ አጣቢ ናት፤ ጎሕ ሳይቀድ ስለምትወጣ ልጅቷን ማድረስ የእሱ ድርሻ ሆነ። ትምህርት ቤቱ ከዋናው መንገድ ማዶ ነው። «አንድ ነገር የሰማሁ ቀን ልጄን ከዚያ ብረት ላይ አወርዳታለሁ» ብላ ከዛተች ሰንብታለች።

ያን ቀን ወደ ማታ ሰማች። እኔ ፀጉር ቤቱ ውስጥ ወንበሩ ላይ ነኝ፤ የራሴ ግማሹ ተከርክሟል። ጡረተኛው ሹፌር በግራ በኩል አግዳሚው ላይ ተራውን ይጠብቃል። ልጅቷ በስተቀኝ መስኮቱ ሥር የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

«እንደምን ዋላችሁ» አለች ሚስትየዋ ከበሩ ገብታ። የያዘችውን ዘንቢል አላስቀመጠችም። «ልብስ ማጠቢያ ድረስ መጥተው ነገሩኝ። ባቡር የሚያህል መኪና ባልሽንና ልጅሽን ሊጨፈልቃቸው ነበር አሉኝ።»

«ባቡር የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም» አልኩ። «ባቡሩን ሌላ ሰው ነው የጨመረው።»

«አንተ ሳትጨምር ያስተረፍከው ነገር ነበር?» አለ ሹፌሩ።

«ጋሼ፣ እባክዎ እርስዎ ያዩትን ይንገሩኝ» አለችኝ ሚስትየዋ።

ነገርኳት። ጎማውን፣ ርግቦቹን፣ ብርጭቆውን ነገርኳት። የመኪናው ሹፌር አንገቱን ከመስኮት አውጥቶ ሲያለቅስ እንደነበረም ትዝ አለኝ።

«ሃያ ሁለት ጎማ ያለው መኪና በዚያ አደባባይ አይዞርም» አለ ጡረተኛው። «ዕድሜ ልኬን ነድቻለሁ።»

«አንተ የነዳኸው አይዞርም ነበር። ይሄኛው ዞረ።» ወደ ሴትየዋ ተመለስኩ። «መኪናውን ተዪው። ዋናው ልቡ ነው። ያን ክላክስ ሰምቶ አንገቱን ያላዞረ ሰው እስካሁን አላየሁም። ልጅሽ ከዚህ ሰው ጀርባ ስትሆን ከአልጋዋ ላይ የበለጠ ደኅና ናት። ቦታ ቢኖረው የእኔንም ልጆች አስጭነው ነበር።»

እሷ እኔን አልነበረም የምታየው። በባሏ ግራ ቆማ «አንተ፣ ክላክሱን ሰምተሃል?» አለችው።

ማሽኑ ጆሮዬ ሥር ጥዝዝ ይላል። መልስ አልሰጣትም። ወንበሩን ዞራ በቀኙ መጣችና ደገመችው።

«ሰምቻለሁ» አለ።

«ከሰማህ ለምን ቶሎ ዳር አልያዝክም?»

«ያዝኩ እኮ።»

«እንግዲያው ከነገ ጀምሮ ልጄ እዚያ ላይ አትወጣም። ወይ እኔ ሥራውን እተዋለሁ፣ ወይ እሷ ብቻዋን መንገድ ታቋርጣለች። ምረጥ።»

«እንዳልሽ» አለ። ቁጣም ልመናም አልነበረበትም፤ ጎኑን ላሳጥረው እንደሚለው ነው ያለው።

«አባዬ አልሰማም» አለች ልጅቷ።

ከደብተሯ ቀና አላለችም። የምትጽፈውን ቃል ጨረሰችው።

«ምኑን ነው ያልሰማው፣ የኔ እናት?» አለ ሹፌሩ።

«መኪናውን። በዚህኛው አይሰማም።» በእርሳሷ ጫፍ ግራ ጆሮዋን ነካች። «መኪና ሲመጣ ትከሻውን መታ አደርገዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ዳር ይሄዳል። ዛሬ ቦርሳዬ ሊወድቅ ሲል ስይዝ ቆየሁበት።»

ሹፌሩ ባርኔጣውን አወለቀ።

«ትልቅ መኪና ግን አልነበረም» አለች። «የዳቦ መኪናው ነው። ፒፕ ፒፕ አለ፣ ከዚያ በቀስታ አለፈን። ጋሼም አላዩንም፤ ጀርባቸውን ሰጥተው ሻይ ይጠጡ ነበር።»

በመስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁት፤ ግማሽ ፀጉር ያለው ሰው አንሶላ ለብሶ ተቀምጧል። ማንም አልሳቀብኝም።

ሚስትየዋ ዘንቢሉን መሬት ላይ አስቀመጠች። «ከመቼ ጀምሮ?» አለች፣ በቀኙ እንደቆመች።

«ከትኩሳቱ ወዲህ።»

«ለእሷ ነግረህ ለእኔ?»

«አልነገርኳትም። ራሷ ናት ያወቀችው።» ማሽኑን አጥፍቶ በማሽኑ ጥርስ መሃል የገባውን ፀጉር በብሩሽ አራገፈ። «መጀመሪያ ላይ ስትመታኝ የምትጫወት መስሎኝ ነበር።»

ማሽኑን መልሶ አስነሣና የቀረውን ግማሽ ራሴን ከረከመ። አልተቻኮለም። አንገቴን ጠረገልኝ፣ አንሶላውን አራገፈ። ከዚያ የኋላዬን የሚያሳየኝን የእጅ መስታወት ከምስማሩ አወረደ። እኔም እንደ ወትሮው ለማየት ተዘጋጀሁ፤ እሱ ግን ይዞት ወደ ደጅ ወጣ።

ብስክሌቱ በሩን ተደግፎ ቆሟል። መስታወቱን በመሪው ግራ ጫፍ ላይ በፕላስተር ደጋግሞ ጠመጠመው። ጎንበስ ብሎ አየበት፣ ትንሽ አዘነበለው፣ እንደገና አየበት። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ ነበር፤ መስታወቱ ውስጥ ሳትገባ አልቀረችም፤ ምክንያቱም ፊቱን ሳያዞር «ነገ ስትወጪ ቀስቅሺን» አላት። «በእግር ነው የምንሄደው። ብስክሌቱን እንዲህ ሆኖ እስክለምደው ብቻዬን እነዳዋለሁ።»

ልጅቷ ቦርሳዋን አዝላ መጣችና እንደ ልማዷ በግራው ቆመች። ሰውየው ብስክሌቱን ወደ መንገዱ አዞረ። እጇን ይዞ በጀርባው አሳለፋትና በቀኙ አቆማት።

«በይ አሁን» አላት፣ «ዛሬ ምን ተማራችሁ?»