ንስር ያልነበረበት ዛፍ

ንስሩን ሁሉም አየነው አሉ። እኔ አላየሁትም፤ አልነበረማ።

"በስተግራ፣ ደረቁ ግራር ላይ" አለ አባቴ፣ አንድ እጁ የጀልባው ሞተር ላይ፣ ሌላው ወደ ሐይቁ ዳር ተዘርግቶ። "ነጭ ራሱ ታያችሁ? ሁልጊዜ እዚያው ነው የሚቀመጠው።"

ግራሩ ራሱ የለም። ሐይቁ ሞልቶ ሥሩን ሲሸረሽረው ወድቋል። ከውሃው በላይ የቀረችው አንዲት ቅርንጫፍ ናት፤ እሷም ላይ የተጠመጠመ ነጭ ፌስታል አለ። ወይዘሮ እህተማርያም ባይኖኩላራቸውን አንስተው ፌስታሉን ትንሽ ተመለከቱና "አዎ፣ ሲያምር" አሉ። ልጃቸው ሮዳስ ካሜራዋን አቅንታ ፎቶ አነሳች።

"ምኑን ነው ያነሳሽው?" አልኳት ወደ ጆሮዋ ጠጋ ብዬ።

"ጋሼ ቅር እንዳይላቸው ብዬ ነው" አለች።

እናትና ልጅ ከአዲስ አበባ የመጡ እንግዶቼ ናቸው። የሁለት ቀን ጉብኝት ነው፤ ትናንት አብያታ ሻላ ፓርክ፣ ዛሬ ሐዋሳ ሐይቅ። የተማርኩት የዱር እንስሳት አያያዝ ስለሆነ ጉብኝቱን የማዘጋጀው እኔ ነኝ። አባቴ ሕዝቅያስ ዕድሜውን ሙሉ እዚህ ሐይቅ ላይ ጀልባ የነዳ ሰው ነው። ፓርክም ይዤው የምሄደው እንግዶች ወሬውን ስለሚወዱለት ነው። ትናንት ሰጎኖች በመኪናችን ቀኝ ሲያልፉ ሮዳስ "ጋሼ፣ ሰጎን" ብላ ጠራችው። እሱ በግራው መስኮት እያየ "አዎ፣ እዚህ ብዙ ናቸው" አለ። ደክሞት ነው ብዬ አለፍኩት።

አሁን ገባኝ። አባቴ የሚያስጎበኘው በትዝታ ነው። ንስር የሚቀመጥበትን ዛፍ ቶሎ አይቀይርም፣ አባ ኮዳ የሚባለው ትልቅ ወፍም ከዓሣ ገበያው አይርቅም፤ ስለዚህ ብዙውን ጊዜ ይሳካለታል። ሳይሳካለት ደግሞ እንግዳውን ይሉኝታ ይይዘዋል። ሽማግሌ ከማሳፈር ፌስታል ፎቶ ማንሳት ይቀለዋል። እኔም ብሆን ያው ነኝ፤ አብሬው እበላለሁ፣ አብሬው እሠራለሁ፣ አንድም ቀን ስለ ዓይኑ አልጠየቅኩትም።

በንስር የሚሞት ሰው የለም። እኛ ግን ወንዙ ሐይቁን ወደሚቀላቀልበት ወደ ጥቁር ውሃ እየሄድን ነበር። እዚያ ጉማሬ አለ።

ተነስቼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

"አባዬ፣ ሞተሩን እኔ ልያዝ።"

"ምን ሆንኩና?"

"ልለማመድ ብዬ ነው።"

"እንግዳ ጭነን ልምምድ የለም።" ወደ እንግዶቹ ዞረ። "ይቺ ልጅ ዲግሪ አላት፤ ብስክሌት ግን እስከዛሬ ይጥላታል።"

ወይዘሮ እህተማርያም ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም።

"አባዬ፣ እዚያ ዳር ያለው ሸምበቆ ይታይሃል?"

"ሸምበቆ ምን የሚታይ ነገር አለው? ሸምበቆ ነው።"

"አባዬ።"

"አትነዝንዢኝ፣ ኢያኤል።"

የጉማሬ ቦታ ሲደርስ ሁልጊዜ የሚያደርገው ነገር አለ። ሞተሩን ያጠፋል፣ የጀልባውን ጎን በመዳፉ ይመታል፣ ከዚያ ያዳምጣል። ጉማሬ ሲተነፍስ ከሩቅ ይሰማል። እንግዶች ይህንን ሲያዩ እንደ ትልቅ ጥበብ ነው የሚቆጥሩት። እኔም እንደዚያ ነበር የማስበው። ዛሬ ግን ነፋስ ነበር፤ ማዕበሉ ጀልባውን እየመታ ከራሳችን ድምፅ በቀር የሚሰማ የለም። አባቴ መታ፣ ጆሮውን አዘነበለ፣ "ሩቅ ናቸው" አለና ሞተሩን አስነሳ።

የጉማሬዎቹን ጆሮዎች አየሁ። ፊት ለፊታችን፣ ድንጋይ ብንወረውር የሚደርስበት ቦታ ላይ ናቸው። በመካከላቸው ግልገል አለ።

"አባዬ፣ አዙር።"

"ሩቅ ናቸው አልኩሽ እኮ።" ፈገግ እያለ ነበር።

የሞተሩን እጀታ ከእጁ መንጭቄ በሙሉ ኃይሌ ገፋሁት። ጀልባው በጎኑ ተጋደመ፤ ወይዘሮ እህተማርያም ተንሸራተው ክንዳቸው ከጠርዙ ጋር ተጋጨ፤ የሮዳስ ቦርሳ ውሃ ውስጥ ገባ። እናትየዋ ጉማሬ አፏን ከፍታ ከውሃው ወጣች። የረጨችው ውሃ ፊታችንን መታው። ሞተሩን እስከ መጨረሻው ከፈትኩት። ዞሬ ያየሁት በጣም ከራቅን በኋላ ነው።

ወይዘሮ እህተማርያም ደጋግመው አማተቡ። ሮዳስ አባቴን ታየዋለች፤ እሱ ባዶ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ተቀምጧል።

"እንግዶች ፊት" አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

"አዎ፣ እንግዶች ፊት። ሐኪም አይቶሃል?"

"አይቶኛል።"

"ምን አለህ?"

"ዘግይተሃል አለኝ።"

ጀልባውን እያወላገድኩ ወደ ከተማው ነዳሁት።

ማቆሚያው ላይ ጀልባ ነጂዎቹ ተራ እየጠበቁ ተቀምጠዋል። ተራ የሚያስይዘው ሙሴ ሞተሩን የያዝኩት እኔ መሆኔን አይቶ ቆመ።

"ጋሼ፣ ጡረታ ወጡ እንዴ? ዲግሪዋ ጀልባ ጀመረች?"

ሁሉም ሳቁ። አባቴም ሳቀ፤ በደንብ ነው የሳቀው።

"ልለማመድ ብላ ለምናኝ ነው። ነገ ጠዋት ተራዬን እንዳትዘለኝ።"

"ጎበዝ ናት ልጅዎ" አሉ ወይዘሮ እህተማርያም፣ ክንዳቸውን እንደያዙ። "ደስ የሚል ጉዞ ነበር።"

ዝም ብል ያልፋል። ነገ ተራው ይደርሳል፣ ሌላ ሰው ይጭናል፣ ንስር ያሳየዋል፣ ሰውየውም አየሁ ይለዋል። ደግሞ ብናገር አባቴ ከዚህ ሐይቅ ሌላ የሚውልበት ቦታ የለውም። ቤት ቁጭ ሲል አይቼው አላውቅም። ቤት ቁጭ ብሎ ምን እንደሚሆንም አላውቅም።

"ሙሴ" አልኩት። "አባቴ አያይም። ተራ አትስጡት።"

"ስትቀልጂ ነው።"

"አልቀልድም። ዛሬ ጉማሬ ላይ ሊነዳን ነበር።"

ሳቁ ቆመ። አባቴ ጀልባው ውስጥ ተነስቶ ቆሞ ነበር። አልተቆጣኝም፣ አልካደምም። ፊቱን ወደ ድምፄ አዞረና በእጁ የጀልባውን ጠርዝ መፈለግ ጀመረ።

ሙሴ ከዳር ሆኖ እጁን ዘረጋለት። አባቴ ጠርዙን እየዳሰሰ ነበር፤ የተዘረጋለትን እጅ አላየውም። ሙሴ ትንሽ ጠበቀ። ከዚያ እኔን አየኝ፣ እጁን ሰበሰበ፣ ሱሪውን እንኳ ሳያጥፍ ውሃው ውስጥ ገባ።