በጀልባው ላይ የተጠራው ስም

በገዛ እህታችሁ ቀንታችሁ ታውቃላችሁ? አትዋሹ። «እኔ? ኧረ ወዲያ!» የሚል ካለ ከዚህ በታች ያለው ለእሱ አይደለም፤ ሄዶ ሌላ ያንብብ። ሸዋርካብሽ ግን ቀንታለች። የቀናችውም በደህና ጊዜ፣ በተመቸው ሰው ላይ አይደለም። መድፍ በሚጮህባት ወልድያ ውስጥ ባለችው፣ ስልኳ በተቆረጠባት፣ በልታ ትደር ጦሟን ትደር የሚያውቅላት በሌላት በታላቅ እህቷ በየሺሃረግ ላይ ነው። የሺሃረግ ሀብት ኖሯት አይደለም። የሸዋርካብሽ ልጅ «እማዬ» የምትለው እሷን ስለሆነ ነው።

ልጅቷ ቃልኪዳን ትባላለች፤ አሥራ አምስት ዓመቷ ነው። ሸዋርካብሽ የድንበሩን ከተማ ቶጎ ውጫሌን ተሻግራ ሐርጌሳ ሰው ቤት ልትሠራ ስትመጣ ልጅቷ ገና ጥርሷን እየነቀለች ነበር፤ ለአክስቷ ተሰጠች። በእኛ አገር ይህ ያለ ነው። ያሳደገች «እማዬ» ትባላለች፤ የወለደች ብቅ ስትል እንደ ታላቅ እህት «እትዬ» ይሏታል። ማንም ክፉ ነገር ነው ብሎ አያስበውም፤ «እትዬ» ከምትባለዋ ሴት በቀር። ሐምሌ ላይ ጦርነቱ ወደ ወሎ ሲዘልቅ ቃልኪዳን ሐርጌሳ መጣች። ከዚያ እስከ ኅዳር ከእናቷ ጋር በአንድ ክፍል ተኛች፤ ከዚያ እስከ ኅዳር «እትዬ ሸዋ፣ ውሃ ላምጣልዎ?» አለች። ሳምቡሳ የምትሸጠውን ጎረቤታቸውንም «እትዬ ፈትሂያ» ነው የምትላት። ያው ማዕረግ፣ ያው ድምፅ።

ስለዚህ ሸዋርካብሽ መላ ዘየደች። መላውን ያገኘችው ከአሠሪዋ ከሂንዳ ልጆች ነው። ከተማው ውስጥ ባለው መዝናኛ ቦታ በብረት ክንድ ላይ ተንጠልጥሎ ወዲያና ወዲህ የሚወናጨፍ ትልቅ ጀልባ አለ። አንድ ቀን የሂንዳን ልጆች ይዛ ተሳፈረች። ጀልባው ሰማይ ሲነካ፣ ያጠበቻቸው፣ ያጎረሰቻቸው፣ ሲታመሙ ያባበለቻቸው እሷ ወገባቸውን ይዛ ሳለ፣ ልጆቹ «ሆዮ! ሆዮ!» ብለው የጮኹት ታች ቆማ ስልኳን ለምትነካካው ለሂንዳ ነበር። ሆዮ በሶማሊኛ እናት ማለት ነው። ያን ቀን ሸዋርካብሽ አንድ ነገር ገባት፦ የፈራ ሰው አይዋሽም። ቃልኪዳንም እዚያ ላይ ትፈራለች፤ ትጮሃለች፤ አጠገቧ ያለችውን ትይዛለች። አንድ ጊዜ «እማዬ» ካለቻት ደግሞ ነገ «እትዬ» ልትላት አፏ አይታዘዝላትም።

ዓርብ ረፋድ ላይ ከሚኖሩበት ሰፈር ከዳሚ በባጃጅ ወጡ። እዚሁ ሐርጌሳ ያገባችው ባሏ ወንድምአገኝ ግንበኛ ነው፤ አምስት ዓመት የሆነውን ልጃቸውን ዘሩባቤልን ጭኑ ላይ አስቀምጧል። ቃልኪዳን ጥግ ይዛ ስልኳን እያየች ነው። የጫማዋን ተረከዝ ረግጣ ነው ያደረገችው፤ እናቷ ሳታያት በግምት የገዛችላት ጫማ ነበርና ይጠባታል።

«ያ ሰው ጭኖ የሚዞረው ትልቁ መንኮራኩር እኮ» አለች ሸዋርካብሽ፣ «ከላይ ሲሆኑ ከተማው በሙሉ ይታያል። መሐመድ ሞጌ ሰፈር በይው፣ ማሕሙድ ሃይቤ ሰፈር በይው፣ የኛ ቤት ቆርቆሮ ሳይቀር።»

«እሺ እትዬ።»

«ደስ አላለሽም?»

«ደስ ብሎኛል።»

እንዲህ ያለ ደስታ ለቅሶ ቤትም አለ።

«እኔ ፈረሱ ላይ! እኔ መኪናው ላይ!» ይላል ዘሩባቤል።

«አንተ አህያም ላይ ቢያስቀምጡህ ደስ ይልሃል» አለው አባቱ።

መንኮራኩሩ ቆሞ ጠበቃቸው። መቀመጫዎቹ አቧራ ለብሰዋል፤ አንዱ ላይ ቁራ ተቀምጧል። መጫወቻዎቹን የሚያንቀሳቅሰው ዒሴ ጅጅጋ ሳለ በለቃቀማት አማርኛ «ሞተሩ ታሟል» አላቸው።

«መቼ ይድናል?» አለ ወንድምአገኝ።

«ኢንሻአላህ።»

«ቀኑን ነው የጠየቅሁህ።»

«ቀኑም ኢንሻአላህ ነው።»

ወደ ሌሎቹ ሄዱ። የሚዞሩት ፈረሶች አጠገብ ቀይ ቀለም የተቀባ እንጨት ተተክሏል፤ ከእንጨቱ የረዘመ አይሳፈርም። ቃልኪዳን በአንድ ራስ ትበልጠዋለች። ዒሴ ከእግር እስከ ራሷ አያትና ሳቀ። «ይሄ ለጫጩት ነው እህቴ። አንቺ ዶሮ ሆነሻል።»

ሸዋርካብሽ ሳቁ አላሳቃትም። እንጨቱ ልክ ሆኖ የነበረበትን ጊዜ ሁሉ ያየችው ሌላ ሴት ናት። ልጅቷ በዚህ እንጨት ስር ሆና ያሳለፈችውን ዓመት ሁሉ የሺሃረግ በላችው። ሸዋርካብሽ በዓይነ ሕሊናዋ እያየች ትንሽ ቀሚስ፣ ትንሽ ጫማ ስትልክ ኖረች፤ የላከችው ሁሉ ደርሶ ጠበበ።

ረፋዱ እንዲሁ አለቀ። ዘሩባቤል በአየር የተነፋው መዝለያ ቤት ላይ እየዘለለ ላብ በላብ ሆነ፤ ቃልኪዳን የእሱን ጫማ ይዛ ከመረቡ ውጭ ቆመች። ሸዋርካብሽ ትክ ብላ ታያታለች። ልጅቷ ስልኩን ታወጣለች፣ ታያለች፣ ትመልሳለች። ማንን እንደምትጠብቅ መጠየቅ አያስፈልግም።

«መስመሩ አልተከፈተም እኮ» አለቻት በመጨረሻ። «ብታዪው ባታዪው ያው ነው።»

«አውቃለሁ እትዬ» አለች ልጅቷ፤ ደግማም አየችው።

ሸዋርካብሽ አንጀቷ አረረ። የማይጮህ ስልክ እንኳ ከእሷ በልጦ ይታያል! ነገሩን ለመቀየር ብላ ሁለት እጇን አይስክሬም ሞልታ መጣች፤ አንዱን ለዘሩባቤል፣ ትልቁን፣ ቸኮሌት የፈሰሰበትን ደግሞ ለቃልኪዳን።

«እንኪ፣ ሳይቀልጥ።»

ልጅቷ እጇን አልዘረጋችም። «ዓርብ ነው እኮ እትዬ።»

«ዓርብ ስለሆነማ ነው የወጣነው። ሥራ የለም።»

«ጾም ነው ማለቴ ነው። ወተት አለው።»

ከበሩ አጠገብ ምጣዷን ጥዳ ሳምቡሳ የምትጠብሰው ፈትሂያ ይህን ሰማች። ፈትሂያ የደሴ ሴት ናት፤ ለንግድ ስትመላለስ፣ የሺሃረግ ደሴ ድረስ አምጥታ የሰጠቻትን ቃልኪዳንን ይዛ የመጣችውም እሷ ናት። ሳቋ እስከ መንኮራኩሩ ተሰማ።

«ወላሂ ሸዋ፣ ጉድ ነሽ! እኔ ሙስሊሟ ዛሬ ዓርብ ነው፣ ሐበሾቹ ይጾማሉ ብዬ የምስር ለብቻ ጠብሻለሁ፤ አንቺ ክርስቲያኗ ለልጅሽ ወተት ታመጫለሽ? ነይ ቃልዬ፣ ነይ እናቴ፣ የምስሩን ብዪ።»

«እማዬም ዓርብ ዓርብ የምስር ነበር የምትሠራልኝ» አለች ቃልኪዳን፣ ሳምቡሳውን እየተቀበለች። ድምፅዋ ከጠዋት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ሞቀ። «እትዬ ፈትሂያ፣ መናኸሪያው ትዝ ይልዎታል? እማዬ ዳቦውን በመስኮት ስትወረውር?»

«እንዴት ይረሳኛል! የረዳቱን አናት አገኘችው እኮ! ‹በድንጋይ መቱኝ› ብሎ አገር አተራመሰ።»

ሁለቱ ተያይዘው ሳቁ። ቃልኪዳን እስክታነባ ሳቀች። ሸዋርካብሽ በሁለት ጣቷ መካከል የሚንጠባጠበውን አይስክሬም ይዛ ቆማ፣ ዳቦውን አላየችም፣ መናኸሪያው ላይ አልነበረችም። በመጨረሻ ራሷ በላችው። በጾም ስለበላችው አይደለም፣ መረራት።

እዚህ ላይ እውነቱ ይነገር። ሰኔ ማለቂያ ላይ የሺሃረግ ደውላ ነበር። «ሸዋዬ፣ ነገሩ እየከፋ ነው። ልጅቷን ይዤ ልምጣ?» ብላ ጠይቃ ነበር። ሂንዳም ወሬውን እንደሰማች «በልጅነቴ ይህ ከተማ ቦምብ ሲዘንብበት የሸሸነው እናንተ አገር ነው። አማርኛ የተማርኩት ስደተኛ ጣቢያ ውስጥ ነው። የጓሮው ክፍል ባዶ ነው፤ እህትሽም ትምጣ» ብላ ነበር። ክፍል ነበረ። መንገድም ነበረ። ሸዋርካብሽ ግን በሐሳቧ አየችው፦ የሺሃረግ በሩን ስትገባ፣ ልጅቷ ወደ የሺሃረግ ስትሮጥ፣ «እማዬ» የሚለው ቃል እዚሁ ዓይኗ ስር ለሌላ ሰው ሲሰጥ።

«ቦታ የለም የሺ» አለች በስልኩ። «ቤቱ ጠባብ ነው። ልጄን ብቻ ላኪልኝ።» «ልጄን» የምትለውን ጫን አድርጋ ነው የተናገረቻት።

የሺሃረግም «እሺ። እሷ ትውጣ እንጂ» አለች።

ለሂንዳም ለወንድምአገኝም «ቤቴን ጥዬ አልወጣም አለች» ተብሎ ተነገረ። ስለ ጓሮው ክፍል ደግሞ ለወንድምአገኝ ምንም አልተነገረም። ሁሉም መንገድ የዘጋውን ጦር ይራገማል። ይራገም፣ ይገባዋል! ነገር ግን በየሺሃረግ ላይ መንገዱ የተዘጋው ጦር ከመድረሱ በፊት ነው፤ የዘጋችውም ባሩድ በእጇ ነክታ የማታውቅ የእናቷ ልጅ ናት። ያቺ የሺሃረግ እናታቸው ሞታ ሸዋርካብሽን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገች ናት። የእናት ሆድ ዥንጉርጉር የሚባለው ለዚህ ነው።

ከሰዓት በኋላ ጄነሬተር ተነሥቶ ጀልባው መሥራት ጀመረ። ትልልቅ ልጆችን የሚቀበለው እሱ ብቻ ነው።

«እኔ ይቅርብኝ» አለች ቃልኪዳን።

«ለምን ይቅር? ለአንቺ ተብሎ ነው የተመጣው! እኔ አብሬሽ እወጣለሁ።»

ልጅቷ ለረጅም ጊዜ አየቻት። ከሳምንት ወዲህ እንዲህ ትክ ብላ የማየት አመል አምጥታለች። «እሺ» አለች፤ ወጡ። ሸዋርካብሽ እጇን በልጅቷ ትከሻ ዙሪያ አደረገች። ልጅቷ አልገፋቻትም፣ አልተጠጋቻትምም። ወንድምአገኝና ዘሩባቤል ታች ቆመው እጃቸውን ያወዛውዛሉ፤ ፈትሂያም የምጣዷን እሳት ትታ መጥታለች።

ጀልባው ተነሣ። መጀመሪያ እንደ አንቀልባ ነበር። ቀጥሎ ሆድ ጥሎ የሚሄድ ሆነ። ከኋላቸው ያሉት ልጃገረዶች «ሆዮ! ሆዮ!» ማለት ጀመሩ። ሸዋርካብሽ ጆሮዋን ወደ ልጅዋ አፍ አስጠግታ ጠበቀች። ምንም የለም። ቃልኪዳን ብረቱን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ፊቷ አመድ መስሎ ዝም ብላለች። ሸዋርካብሽ በዝምታውም ቀናች። ቃሉን ለያቺ እያስቀመጠችላት ነው አለች በልቧ፤ እዚህ ሞት አፋፍ ላይ እንኳ አታበድረኝም።

ያኔ ጄነሬተሩ ተንተፋተፈ። ጀልባው ከፍታው ላይ ሳለ በአንድ ጎኑ ሸርተት ብሎ ተንጠለጠለ፤ ብረቱ ሲጢጥ አለ፤ የሸዋርካብሽ ነጠላ ጫማ ከእግሯ ወልቆ ወደ ታች ወረደ። የጀልባው ሰው ሁሉ ትንፋሹን ዋጠ። በዚያች ጸጥታ ውስጥ አንድ ድምፅ ብቻ ተሰማ።

«የሺዬ! ድረሽልኝ የሺዬ!»

የሸዋርካብሽ ድምፅ ነበር።

ጄነሬተሩ ነፍስ ዘራ፣ ጀልባው ወረደ። ዒሴ እየሮጠ መጥቶ «አፉ በሉን፣ አፉ በሉን» እያለ ብረቱን ከፈተላቸው። ሸዋርካብሽ አንድ እግሯ ባዶ ሆኖ ወረደች። ቃልኪዳን ከኋላዋ ወረደች፤ ዓይኗን ከእናቷ ላይ አላነሣችም።

ፈትሂያ የወደቀውን ጫማ ይዛ እየሳቀች ቀረበች። «አንቺ ሴት! ሌላው እናቱን ይጠራል፣ አንቺ እህትሽን! እስከ ወልድያ ሳትሰማሽ አትቀርም ወላሂ።»

ይህ ቀልድ ነበር። ሸዋርካብሽ ግን በሰው ፊት እንደተገፈፈች ቆጠረችው። ልጅቷ ከአፏ ያላወጣችውን ስም እሷ ራሷ አውጥታ ሰጠቻት። ደሟ ፈላ።

«የሺ የሺ አትበሉኝ!» ብላ ጮኸች። «ጠዋት የሺ፣ ማታ የሺ! እሷ ማን ሆና ነው? ነይ ስትባል እንቢ ያለች፣ ከልጅቷ ጎጆዋን የመረጠች ሴት! ይሄንንም እወቂው ቃልኪዳን፣ ያቺ እማዬ የምትያት ከአንቺ ጋር መምጣት አልፈለገችም!»

ወረፋ የያዙት ሐበሾች ዞር አሉ። ቃልኪዳን ጠበብ ያለውን ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች።

«እማዬ እንቢ አላለችም» አለች ቀስ ብላ። «ስልኩ ድምፁ ተከፍቶ ነበር። እኔ አጠገቧ ሽንኩርት እየላጥኩ ነበር። ‹ቦታ የለም› ስትይ ሰምቻለሁ።»

«እርስዎ» ከአፏ ጠፍቷል። ሸዋርካብሽ ስንት ጊዜ ስትመኘው የኖረችው «አንቺ» ይኸው መጣላት።

«ቦታ ከሌለ ምን ይደረጋል ብዬ አመንኩሽ። ባለፈው ሳምንት ሂንዳ ቤት ልብስ ላጥብልሽ ስመጣ የጓሮውን ክፍል ከፍታ አሳየችኝ። አልጋ ገብቶበታል፣ ፍራሽ ተነጥፎበታል። ‹አክስትሽ ለምን እንቢ አለች?› ብላ ጠየቀችኝ። እኔ ምን ልበላት?»

«ምን ክፍል?» አለ ወንድምአገኝ። «ሸዋ፣ የምን ክፍል ነው?»

ፈትሂያ ሳቋ ከፊቷ ላይ ጠፋ። ጫማውን እንደያዘች ቀረች።

«ቤት እንነጋገራለን» አለች ሸዋርካብሽ በሹክሹክታ። የልጅቷን ክንድ ልትይዝ እጇን ዘረጋች። «ነይ ልጄ፣ ሰው እያየን ነው።»

ቃልኪዳን ክንዷን አስለቀቀች።

«ይየን! ስሟን ያጠፋሽው ሰው ፊት አይደል? ቤት አልሄድም። ጋሼ ወንድምአገኝ ይኸው አለ፤ እትዬ ፈትሂያ ይቺው አለች፤ ይሄ ሁሉ ያገርሽ ሰው ቆሟል። እማዬን ወልድያ ላይ ያስቀራት ጦሩ ነው ወይስ አንቺ ነሽ? እዚሁ፣ ጮክ ብለሽ መልሺ!»