ከአሥራ ሦስት ወደ አሥራ ስድስት

እኔ ወሬ እወዳለሁ፤ ምን ልዋሽ። ደግሞ እኛ ጋ ወሬ የሥራው አካል ነው። አንሶላ ሲታጠፍ አይታችሁ ከሆነ ይገባችኋል። የሆቴል አንሶላ ትልቅ ነው፣ አንድ ሰው ብቻውን አያጥፈውም። ሁለት ሆናችሁ ጫፍ ጫፉን ትይዛላችሁ፣ ትወጥሩታላችሁ፣ ታራግፉታላችሁ፣ ከዚያ እየተራመዳችሁ ትገናኛላችሁ። ጫፍ ከጫፍ ሲገናኝ አፍና ጆሮም ይገናኛል። እዚያች ላይ አንድ ነገር ጣል ታደርጋላችሁ። ትለያያላችሁ። እንደገና ስትገናኙ መልሱ ይመጣል። ከጠዋት እስከ ማታ ስንት አንሶላ እንደሚታጠፍ አስቡት፤ ስንት ሰው እንደሚታማ እናንተው ድረሱበት።

እዚህ ማጠቢያ ቤት አሥራ ዘጠኝ ዓመት አጠፍኩ። የማጥፈው ከስንጥር ጋር ነው። ስንጥር ስሟ አይደለም፤ ስትቀጠር እንደ እንጨት ስንጥር ቀጥናብኝ እኔው ነኝ ያወጣሁላት። አሁን የሰባት ወር እርጉዝ ናት፣ በር ስትገባ ሆዷ ነው የሚቀድማት፣ ስሙ ግን ተጣብቆ ቀረ። እኔም ወሬ ሳወራት ሁለት ሰው ነው የሚሰማኝ። ያ ልጅ ገና ሳይወለድ የሰፈሩን ሚስጥር ጨርሶታል።

ጣጣው የመጣው ከትልቁ ሆቴል ነው። ግማሹ ሥራችን የእነሱ አንሶላ ነው። አንድ ቀን “ሠራተኞቻችሁ የሚተዳደሩበት መመሪያ ከሌላችሁ ውሉን አናድስም” አሉ። ባለቤቱ ደንግጦ የእህቱን ልጅ አመጣና የሰው ኃይል ኃላፊ አደረገው። እኛም አሳጥረን ኃይሉ አልነው። በዚህ ሁሉ እንፋሎት ውስጥ ከረባት አስሮ ሲዞር ያየሁት ሰው እሱ ብቻ ነው። ምሳ ሳይደርስ ከረባቱ እንደ እርጥብ ካልሲ ይንጠለጠልበታል።

ሳምንት ሳይሞላው ሰማያዊ ልባስ ያለው መጽሐፍ ይዞ መጣ። ልባሱ ላይ የቤታችን ስም አለ። “ሐሙስ ውሉን የምታድሰው የሆቴሏ ሴትዮ ትመጣለች፤ ከዚያ በፊት አርባ አንዳችሁም ‘አንብቤያለሁ፣ ገብቶኛል’ ብላችሁ ትፈርማላችሁ” አለን። ይሄ ማክሰኞ ነው።

ያንኑ ቀን ጠዋት ከስንጥር ጋር አንሶላ ይዘናል። ተገናኘን።

“እማማ፣ ተባረርኩ።”

ተለያየን። ወጠርኩ። ተገናኘን።

“ማን ነው ያባረረሽ?”

“ኃይሉ። ደብዳቤ ሰጠኝ። ከዓርብ ጀምሮ አትመጪም ይላል።”

ጫፉ ከእጄ አመለጠ። በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ንጹህ አንሶላ መሬት ሲነካብኝ የመጀመሪያዬ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሰኞ ዕለት “የእርጥቡ ቅርጫት ከበደኝ፣ እስክወልድ ማጠፉ ላይ ብቻ ልሁን” ብላ ጠየቀችው። ከማሽን የወጣ ቅርጫት ምን እንደሚመዝን የተሸከመ ያውቀዋል፤ እኔ ወገቤን ያጣሁት በእሱ ነው። እሱ ግን “የተሰጣትን ሥራ መወጣት ባለመቻሏ” ብሎ ጻፈላት። እስቲ ንገሩኝ፣ በሰባት ወር ሆድ የትኛው በር ነው የሚከፈትላት? ባሏም ቢሆን ከግንባታ ላይ ወድቆ እግሩን በጄሶ አስሮ ቤት ተኝቷል።

“አታልቅሺ፤ ዓርብ ገና ነው” አልኳት። አንሶላውንም አንስቼ ተመልሶ እንዲታጠብ ወረወርኩት።

በምሳ ሰዓት ኃይሉ ማጠፊያው ጠረጴዛ ላይ መጽሐፉንና ወረቀቱን ዘርግቶ ቆመ። በዕድሜ ስለምበልጥ እኔን አስቀደሙኝ።

“እማማ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።”

“ምን ይላል?”

“የሥራ መመሪያ ነው።”

“እሱማ ገባኝ። ምን ይላል ነው የምልህ።”

“አርባ ገጽ ነው እኮ እማማ!”

“እንግዲያው ቆመህ አትችለውም። ወንበር ስጡት።”

ሰዉ ሳቀ። እሱ አልሳቀም።

“ስማ ልጄ፣ እኔ ፊደሉን እስከ አጋማሹ ነው የማውቀው፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን ቤተሰብ አልተዋወቅነውም። ወረቀትህ ‘አንብቤያለሁ’ ይላል። ሳላነብ አነበብኩ ብዬ ልፈርምልህ ነው? ሐሜተኛ በለኝ እሺ፣ ውሸታም ግን አልባልም።”

“አጎቴ እንኳን ፈርመዋል!”

“አንብበው ነው?”

ወረቀቱን ወደ እኔ ገፋ አደረገው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ “እማማ፣ ዝም አይነቅዝም ሲባል አልሰሙም?” አለኝ።

“ሰምቻለሁ። የሚባለው ለሌላው ሰው ነው፤ እኔ ዝም ካልኩ ነው የምነቅዘው።”

መተኮሻው ላይ የሚሠራው ጋሽ ካውያ እጁን አንስቶ “እኔም አላነበብኩም!” ብሎ የፎጣ ክምር ላይ ዘፍ አለ። ሌሎቹም ያገኙት ክምር ላይ ተቀመጡ። ኃይሉ ሰዓቱን አየ፣ እኛን አየ፣ ከረባቱን ላላ አድርጎ ማንበብ ጀመረ።

አንደኛ፣ የመግቢያ ሰዓት። እሺ። ማርፈድ። እሺ። ሰው ከመባረሩ በፊት ማስጠንቀቂያ በጽሑፍ ሆኖ ሦስት ጊዜ ነው። ይሄኔ ስንጥር ቀና ስትል አየኋት። ከዚያ በሥራ ላይ ወሬ ማውራት ክልክል ነው አለ፤ ሁሉም ዞሮ አየኝ። እኔ ጣራውን አየሁ። ከዚያ እሱ በዚያው ፍጥነቱ ቀጠለ፤

“ማንኛውም ሠራተኛ ከመርከቡ ከመውረዱ በፊት የካፒቴኑን ፈቃድ...”

አቆመ። ተመልሶ መስመሩን በጣቱ ተከተለ።

“ከምኑ?” አለ ጋሽ ካውያ።

“የጽሑፍ ስህተት ነው።”

“አይ፣ እውነቱን ነው፤ ትልቁ ማሽን ሲያፈስ እኮ ለመዋኘት ትንሽ ነው የሚቀረን!”

ከዚያማ ማን ይቻለን። ኋላ እንደሰማነው፣ መርከብ ድርጅት የሚሠራ ጓደኛ አለው። የእነሱን መመሪያ እንዳለ ገልብጦ ልባሱን ብቻ ቀየረ፤ አንድ ገጽ እንኳ አልገለጠም። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ማለት ይሄ ነው።

ሰዉ ሲስቅ እኔ ቀስ ብዬ ከጀርባው ሄጄ ቆምኩ። ፊደል ቢያስቸግረኝም ቁጥር አይጠፋኝም። የሆቴል አንሶላ የሚመጣው የክፍሉ ቁጥር ታስሮበት ነው፤ አሥራ ሦስትን ከአሥራ ስድስት ባምታታ ያ ሆቴል ጣራው ይነሳል። እሱ ገጽ አሥራ ሦስት ላይ ነው። ቅጠሉን ገለጠ፣ ዓይኑን ወረድ አደረገ፣ ጆሮው ቀላ። ሌላ ቅጠል ቶሎ ደረበበት። ከግርጌው ቁጥሩን አየሁት፤ አሥራ ስድስት።

“አንተ፣ አሥራ አራት የት ሄደ? አሥራ አምስትስ?”

ደንግጦ ዘለለ እኮ! “ተጣብቆ ነው እማማ።”

“ጣትህን አርጥበው። በዚህ ቤት እርጥብ ነገር አልጠፋ።”

“ያ ገጽ እኛን አይመለከትም!”

መጽሐፉን ከእጁ ወሰድኩት። ነጠቀች ቢላችሁ አትመኑት፤ ወሰድኩት። ለስንጥር ሰጠኋት፤ እሷ አሥር ዓመት የተማረች ናት። “አንብቢ” አልኳት። መጀመሪያ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

“ነፍሰ ጡር የሆነች ሠራተኛ በነፍሰ ጡርነቷ ወቅት ከሥራ አትሰናበትም። ከባድ ዕቃ እንድትሸከም አትታዘዝም። ስትጠይቅ ቀለል ያለ ሥራ ይሰጣታል።”

“ድገሚው” አልኳት። ደገመችው። በሁለተኛው አልተንቀጠቀጠችም።

“ይሄ የተጻፈው ለመርከብ ሠራተኞች ነው!” አለ ኃይሉ።

“እንደዛ ከሆነ ስለ ማርፈድ ያነበብክልንም ለመርከብ ነው። ስለ ወሬም ለመርከብ ነው። ፊርማውንም ካፒቴኑን ፈልገህ አስፈርም። ወይ ሙሉው የኛ ነው፣ ወይ አንዱም የኛ አይደለም። አንዱን ጫፍ ይዞ ሌላውን መሬት የሚጥል አጣፊ አይተህ ታውቃለህ?”

“ያልፈረመ ከነገ ጀምሮ እንዳይመጣ!”

ጋሽ ካውያ ከፎጣው ላይ አልተነሳም። “አርባ አንዳችንም? እሺ ወንድሜ። ሐሙስ ለሴትዮዋ አንሶላውን ከማን ጋር ልታጥፍላት ነው?”

ይሄኔ በሩ ተከፈተ። ባለቤቱ የሚመጣው ማሽን ሲጮህ አይደለም፣ ዝም ሲል ነው። “ምንድን ነው?” አለ። ሁሉም ባንዴ ሊናገር ሲል እኔ ቀደምኩ፤ መቅደም የኔ ሙያ ነው። ስንጥር መጽሐፉን ሰጠችው። አሥራ አራትን አነበበ። ወደ ፊት ገልጦ የራሱን ፊርማ አየ። ተመልሶ አሥራ አራትን አየ። በሬ ሆይ ሳሩን አይተህ ገደሉን ሳታይ የሚባለው ትዝ አለኝ፤ ቢሆንም እሱን ለራሴ አስቀረሁት።

“ጌታዬ፣ የሆቴሏ ሴትዮ ሐሙስ ትመጣለች” አልኩት በለሆሳስ። “እርስዎ እኔን ያውቁኛል፤ ወሬ አይዋጥልኝም። ምን ልበላት?”

መጽሐፉን ከደነው።

“ደብዳቤውን ቅደደው” አለ ለእህቱ ልጅ።

“አጎቴ፣ እኔ እኮ...”

“ቅደደው!”

“አይቀደድም” አልኩ። ሁለቱም አፈጠጡብኝ። “የቀደዳችሁት ነገ እንደገና ይጻፋል። በጽሑፍ አባረራችኋት፣ በጽሑፍ መልሷት። ቅርጫት እንደማትሸከምም አስገቡበት።”

ኃይሉ ቆሞ ጻፈው። ባለቤቱ ፈረመበት፤ ይሄንን አንብቦ ነው የፈረመው። ከዚያ ወረቀታችን ላይ መጀመሪያ ስንጥር ፈረመች፣ ከእሷ ኋላ አርባችን ተከተልን። እኔ ጣቴን ቀለም ውስጥ አልነከርኩም፤ የማውቀውን ፊደል ሰብስቤ ስሜን ጻፍኩ። አንድ ፊደል ቸግሮኝ ቦታውን ክፍት ተውኩት።

ሐሙስ የሆቴሏ ሴትዮ መጣች፣ ፊርማውን አየች፣ ሄደች። ስለ መርከቡ አልነገርኳትም። በጣም ነው የከበደኝ።

ስንጥር ሆዷ ስለገፋ አሁን ወንበር ላይ ተቀምጣ ከአንሶላው ላይ የክፍል ቁጥር ትፈታለች። እኔ ለጊዜው ከጋሽ ካውያ ጋር አጥፋለሁ፤ እጁ ጠንካራ፣ ወሬው ደካማ ነው። ኃይሉንም ስሙን ቀይረን ካፒቴን እንለዋለን። መውጫ ሰዓት ሲደርስ ሁላችንም ተራ በተራ “ካፒቴን፣ ከመርከቡ እንውረድ?” እንለዋለን።

ወሬ ክልክል ነው የሚለውስ ካላችሁኝ፣ አዎ፣ ሙሉው የኛ ነው ብዬ ፈርሜያለሁ። ባለፈው ሳምንት በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ሰጠኝ። ስንጥር አነበበችልኝ፣ ደህና አድርጎ ነው የጻፈው። ግን ደንቡ ሦስት ጊዜ ነው ይላል፤ ሁለት ይቀሩኛል። እስከዚያ ድረስ ስለ ካፒቴኑና ስለ ሆቴሏ ሴትዮ አንድ የሰማሁት ነገር አለ፤ ያዙልኝ እስቲ ያንን ጫፍ።