ሳፋው ውስጥ ያለው ስልክ

የስልኩን ሕግ ያወጣሁት እኔ ነኝ። በሌላ ሰው ላሳብብ ብዙ ሞክሬያለሁ፣ የሚሆን አይደለም።

ሕጉ ቀላል ነው። ኢቲዳል ቤት ኳስ ሊያይ የሚገባ ሁሉ የስልኩን ድምፅ አጥፍቶ በር አጠገብ ያለው ሰማያዊ ሳፋ ውስጥ ያስቀምጣል፤ ጨዋታው ሲያልቅ ይወስዳል። ኢቲዳል አሶሳ ገበያው ጀርባ ሻይ ቤት ያላት ሴት ናት፤ ቅዳሜና እሑድ በቆርቆሮ አዳራሿ ዲኤስቲቪ ታሳያለች። እኔ ዳምጠው እባላለሁ፣ የሒሳብ መምህር ነኝ። ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ከመጣሁ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ክፍል ውስጥ ስልክ ሲጮህ ደሜ ይፈላል፤ ኳስ ላይማ አይነሳ።

ለሕጉ ምክንያቱ ሙዐዊያ ነው። ሙዐዊያ የጓደኛዬ የሐምዳን ታላቅ ወንድም ነው። ሐምዳን የአገሩ ሰው ነው፣ ባጃጅ ይነዳል፣ እንደ እኔው በአርሴናል የተለከፈ ነው። ሙዐዊያ ደግሞ ከድንበር ማዶ ደማዚን ሱቅ ነበረው፤ እዚያ የሚያየው የአረብ ቻናል ከእኛ ዲኤስቲቪ ጥቂት ሰከንድ ይቀድማል። ይህን ያወቀ ቀን ሰይጣን ገባበት። እኛ ኳሷን መሐል ሜዳ ላይ እያየናት የሐምዳን ስልክ ይጮሃል፤ ሙዐዊያ “ገባ” ብሎ ይዘጋል። ግማሹ ሰው ይጨፍራል፣ ግማሹ ይሳደባል፣ ጎሉ ሲገባ የሚያየው የለም። አንድ ቀን የእኛ ልጅ ፍጹም ቅጣት ምት ሊመታ ሲንደረደር ደውሎ “ሳተ” አለ። ያን ዕለት ሳፋውን ከኢቲዳል ጓዳ አምጥቼ በር ላይ አስቀመጥኩ፤ ራሴንም ጠባቂ አድርጌ ሾምኩ።

ሙዐዊያን በአካል ያየሁት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ለዒድ መጥቶ፣ “ጎል የሚጠላው መምህር አንተ ነህ?” ብሎ እጄን ጨብጦ አልለቅም አለ። ወደድኩት።

ጦርነቱ ወደ እነሱ ሲጠጋ ሱቁን ዘጋ። ሚስቱን ኢንዓምን ይዞ ወደ አሶሳ ሊሻገር መኪና መጠበቅ ጀመረ። ኔትወርክ የሚያገኘው አልፎ አልፎ ነው፤ ከዚህ ሲደወልለት አይገኝም፣ የሚደውለው እሱ ብቻ ነው። እንዲያም ሆኖ ባለፈው ወር ከየት እንዳየ እንጃ፣ በደርቢው ቀን ደውሎ ነበር። ስልኩ ሳፋው ውስጥ ሲንቀጠቀጥ እየሳቅን ቆረጥነው።

ያን ቅዳሜ ከሲቲ ጋር ነበርን፤ ጨዋታው አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ይጀምራል። ሐምዳን በሩ ላይ ቆሞ ስልኩን በሁለት እጁ ያዘ።

“መምህር፣ ዛሬ ስልክ እኔ ጋ ይሁን” አለኝ።

“ምነው?”

“ሙዐዊያ መንገድ ይጠይቀኛል። መናኸሪያ ያሉ ሾፌሮች መንገዱ ጥሩ አይደለም አሉ። እስከ ሰኞ ቆይ እለዋለሁ።”

“ስንት ሰዓት ነው የሚደውለው?”

“ከመግሪብ በኋላ ብሏል።”

“እስከ መግሪብማ ጨዋታው ያልቃል። ዛሬ ላንተ ብፈቅድ ነገ ሁሉም ምክንያት ይዞ ይመጣል” አልኩና እጄን ዘረጋሁ።

ተማሪ ላይ የለመድኩት አነጋገር ነው። ሐምዳን ትንሽ አመነታ፤ ከዚያ ፈገግ ብሎ ሰጠኝ። ከፊት አግዳሚ ላይ ሄዶ ተቀመጠ።

አንድ ለአንድ ሆንን። ሰባኛው ደቂቃ ላይ የማዕዘን ምት አገኘን። ሰው ሁሉ ተነሥቶ ቆመ። ውጭ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም፣ መግሪብ አልደረሰም። ሳፋው ውስጥ አንድ ስልክ ተንቀጠቀጠ፤ ጎንበስ ብዬ አየሁ፣ ሙዐዊያ ይላል።

ማዕዘን ልንመታ ስንል ሙዐዊያ ሲደውል ምን ማለት እንደሆነ በዚያ ቤት የማያውቅ የለም። አጠገቤ የነበረው ነገሪ የባምባሲ ሰው ነው፣ የማንቸስተር ደጋፊ፤ “ጎል ነጋሪያችሁ መጣ” ብሎ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ደስ አለኝ እንጂ፣ ገብቷል ማለት ነው ብዬ። ቆረጥኩት። ወዲያው ደግሞ ደወለ። አሁንም ቆረጥኩና ስልኩን ጭራሽ አጠፋሁት። ከፊት የቆመው ሐምዳን ዞር አላለም።

ማዕዘኑ ተመታ፤ ተከላካዩ በግንባሩ አወጣው። ጎል አልነበረም። ታዲያ ሙዐዊያ ምን ሊለን ደወለ? ያን ጊዜ እንኳ አልነቃሁም። ሥራዬ ከቁጥር ጋር ሆኖ ይህችን መደመር አቃተኝ።

በዘጠና አራተኛው ደቂቃ አገባብን። ቤቱ ጸጥ አለ፤ አዛኑ ከመስጊድ የተሰማው ያኔ ነው። እኔ ራሴን ይዤ ተቀመጥኩ። እውነቱን ልናገር፣ ዐይኔ እንባ አቅርሮ ነበር። ለኳስ።

ዳኛውን ሰደብን፣ አሰልጣኙን አባረርን። ከዚያ እንደ ልማዳችን ወደ ዜና ዞርን፤ የቤንዚን ሰልፍ፣ የመምህራን ደመወዝ፣ ግድቡ ያለው እዚሁ ክልላችን ሆኖ የሚጠፋው መብራት። ነገሪ ስልኩን ከሳፋው አንሥቶ ቴሌግራም ማንበብ ጀመረ።

“ማዶ መኪና ተመቷል ይላል” አለ። “ወደ ድንበሩ፣ ወደ ኩርሙክ ሲመጣ የነበረ። ከሰማይ ነው የተመታው።”

ሐምዳን የራሱን ስልክ እያበራ ነበር። ሲበራ አንድ መልእክት ገባ። አነበበውና ለእኔ ሰጠኝ፣ አንብብልኝ እንደሚል ሰው፤ እሱ ግን አንብቦታል። “መኪና ዛሬ ተገኘ፣ ሊነሳ ነው። መንገዱ እንዴት ነው? ደውል” ይላል።

ደወለ። የቴሌዋ ሴትዮ “የደወሉላቸውን ደንበኛ ማግኘት አይችሉም” አለችው። እንደገና ደወለ። ኢቲዳል ቴሌቪዥኑን አጠፋች፤ ተሸናፊም አሸናፊም ከአዳራሹ አልወጣም። ሐምዳን ሲደውል እኔ ሳፋውን አየው ነበር። እኔ ነኝ የቆረጥኩት ለማለት አፌን ከፍቼ ዘጋሁት።

እሑድ ጠዋት ኢንዓም አሶሳ ገባች። መኪኖቹ ሁለት ነበሩ፤ ሴቶቹ በፊተኛው፣ ወንዶቹ በኋለኛው። የመጣው ፊተኛው ብቻ ነው።

ሰኞ ሐምዳን ቤት ለቅሶ ሄድኩ። ማንጎው ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ወንዶቹ ተቀምጠዋል፤ የኢንዓም ድምፅ ከውስጥ ይሰማል። ሐምዳን አጠገቡ ቦታ ለቀቀልኝ። ከትምህርት ቤት እስከዚያ ድረስ በልቤ ያጠናሁት ንግግር ነበር። ከመጀመሬ በፊት እሱ ጀመረ። ሐምዳን በአማርኛው ሴቱም ወንዱም አንድ ነው፤ የወንድሙን ሚስትም እንደ ወንድ ነው የሚጠራት።

“ኢንዓም ሁሉን ነገረኝ” አለ፣ መሬቱን እያየ። “ስልኩ ሲቆረጥ ሙዐዊያ ሳቀ አለ። ‘ኳስ ላይ ናቸው፣ ጎል ልነግር መስሏቸው ነው’ አለ። ደግሞ ደወለ፣ ተቆረጠ። ሦስተኛ ሲደውል ስልኩ ዝግ ነው። መልእክት ጻፈ። ሹፌሩ እንሂድ አለ። ኢንዓም ‘ሐምዳን እስኪደውል እንቆይ’ አለው። ሙዐዊያ ምን አለ? ‘መንገዱ መጥፎ ቢሆን ሐምዳን ኳስ አያይም ነበር’ አለ። ወጣ፣ መኪናው ላይ።”



“የቆረጥኩት እኔ ነኝ” አልኩ። “ስሙን አይቼ ነው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ ስልኩንም አጠፋሁት።”

“ዐውቃለሁ። ሳፋው ጋ አንተ ነህ የምትቀመጥ።”

ቢሰድበኝ፣ ቢነሣና አንገቴን ቢያንቀኝ ይሻለኝ ነበር። ሰው እየመጣ ፋቲሓ ያደርጋል፤ እሱም እጁን ዘርግቶ አብሮ ያደርግና ፊቱን ያብሳል። እኔም ሳላውቀው እጄን ዘርግቼ ነበር። የመጡት ሲቀመጡ ወደ እኔ ዘንበል አለ።

“መምህር፣ ሙዐዊያ ሲደውል ስንት ለስንት ነበርን?”

“አንድ ለአንድ።”

ራሱን ነቀነቀ።

“እንግዲያ ያን ጊዜ አልተሸነፍንም ነበር” አለ።