የጎደሉት ዐሥራ ስድስት ገጾች

ዘነበች ከሞተሩ እንደወረደች መጀመሪያ ያየችው ኮላው መፍሰስ አለመፍሰሱን ነበር። አልፈሰሰም፤ በፌስታል የጠቀለለቻቸው ገጾችም አልረጠቡም። ባለሞተሩ ዐሥር ሰዓት ላይ እዚያው እንዲጠብቃት ነገረችውና ወደ ማንኪራ መንደር የሚወስደውን የእግር መንገድ ያዘች።

ልትጠግነው የምትሄድለት መጽሐፍ ሠላሳ አንደኛውና የመጨረሻው ነው። ቦንጋ ውስጥ በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት ሃያ ዓመት ሙሉ የሰው ፋይል ስታወጣና ስትመልስ የኖረች ሴት፣ በአርባ ስድስት ዓመቷ በራሷ ወጪ ልቦለድ አሳተመች፤ አምስት መቶ ቅጂ። ከመካከላቸው በሠላሳ አንዱ ላይ ማተሚያ ቤቱ ሲጠርዝ አንድ ክፍል ዘለለ። ከገጽ ዘጠና ስድስት ቀጥሎ ገጽ መቶ ዐሥራ ሦስት ይመጣል። ማተሚያ ቤቱ ይቅርታ ጠይቆ የጎደሉትን ገጾች ለብቻ አትሞ በአውቶቡስ ላከላት። እሷም ገዢዎቿን አንድ በአንድ እየደወለች "እባካችሁ ገጽ ዘጠና ስድስትን ግለጡልኝ" ስትል ከረመች። ግማሾቹ መጽሐፉን ገና ያን ቀን መክፈታቸው እንደሆነ ከድምፃቸው ታወቃት፤ ተቀየመች፤ ግን ገጾቹን ለጠፈችላቸው።

የማንኪራዋ አስተማሪ ምሥራቅ ብቻ "አዎ፣ ይዘላል፤ ግን ምንም አልሆነም፣ አይልፉ" ብላት ነበር። ዘነበች ይህን ከይሉኝታ ቆጠረችው።

ሌላ ገጽ ቢጎድል ይህን ያህል ባልተንገበገበች። በእነዚያ ዐሥራ ስድስት ገጾች ውስጥ ያለው፣ የባለታሪኳ አባት ቀፎ ከሰቀለበት ዛፍ ወድቆ የሚሞትበት ምዕራፍ ነው። ያ አባት የራሷ የዘነበች አባት ነው። ዘነበች ዐሥራ አራት ዓመቷ ሳለ ቦንጋ ዘመድ ቤት ሆና ስትማር፣ የዩኒፎርም ገንዘብ እንዲልክላት በሰው አስነግራ ነበር። በሳምንቱ ከዛፍ ወደቀ የሚል መርዶ መጣ። ያ የላከችው መልእክት አባቷን ዛፍ ላይ እንዳወጣው ሠላሳ ሁለት ዓመት ሙሉ ስታምን ኖራለች። ለማንም ሳትናገር ዐሥራ አንድ ጊዜ ጻፈችው፤ መጽሐፉን ያሳተመችው ለዚህ ምዕራፍ ብላ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ማንኪራ ስትደርስ ቡናው ማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ፣ ሴቱም ወንዱም ዙሪያውን ቆሞ የተበላሸውን ይለቅማል። ምሥራቅ አንድ ሳጥን ገልብጣ ተቀምጣለች፤ እጇ ላይ የዘነበች መጽሐፍ አለ። ዓይኗ አማርኛውን ይከተላል፤ ከአፏ የሚወጣው ግን ካፊኛ ነው።

ዘነበች ካንድ ዛፍ ሥር ቆመች። አማርኛውን የተማረችው ትምህርት ቤት ነው፤ የጻፈችውም በእሱ ነው። አሁን እነዚያው ዓረፍተ ነገሮች አባቷ እሷን ይጠራበት በነበረው ቋንቋ ተመልሰው መጡ። ሰዎቹ እጃቸው ሳይቆም ያዳምጣሉ፤ አንዷ ሴት ምሥራቅን ቀድማ ቀጣዩን ነገር ተናገረች፤ በቃሏ ይዛዋለች። እንዲህ ያለ ነገር በእኔ መጽሐፍ ይሆናል ብላ ዘነበች አስባም አልማም አታውቅም።

ምሥራቅ ገጽ ዘጠና ስድስት ላይ ጣቷን አስገብታ መጽሐፉን ዘጋች።

"ጋሽ ፍቃዱ፣ እንግዲህ የእርስዎ ተራ ነው።"

ጋሽ ፍቃዱ አንድ እግራቸው የማይታጠፍ ሽማግሌ ናቸው። ዕድሜያቸውን ያሳለፉት ቀፎ በመስቀል ነው። ጉሮሯቸውን ጠረጉና በካፊኛ ቀጠሉ።

"ሰውዬው ማር ሊቆርጥ አልወጣም። መጽሐፉ ራሱ ቡናው አብቦ ነበር ይላል። ቡና ሲያብብ ማር አልደረሰም። የወጣው ባዶ የሰቀለው ቀፎ ውስጥ ንብ ሲገባ ሰምቶ ነው።"

"ድምፁ ከታች አይሰማም ነበር?" አለች አንዷ። መልሱን እንደምታውቅ ያስታውቅባታል።

"ይሰማል። ግን ወጥቶ ጆሮውን ቀፎው ላይ ሳያስደግፍ ወደ ቤቱ የሚመለስ የለም። እኔም የወደቅሁት እንደዚያ ነው። ስወድቅ እየሳቅሁ ነበር።"

ዘነበች የያዘችው ፌስታል ተንኮሻኮሸ። ምሥራቅ ዞር ስትል አየቻትና ደንግጣ ተነሳች።

"እትዬ ዘነበች፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ይህን ስናነብ ሦስተኛችን ነው። አባትየው ወድቆ መሞቱ አለ፣ ለምን እንደወጣ ግን የለም፤ ይህን ቦታ አውቀው የተዉልን መስሎን ነበር።"

ለቀማው ቆመ። ደራሲዋ እሷ መሆኗ በሹክሹክታ ሲዳረስ ሰዎቹ እጃቸውን በልብሳቸው ጠርገው ሊጨብጧት መጡ። ጋሽ ፍቃዱ ግን ባሉበት ሆነው ጠየቋት።

"ልጄ፣ ያንቺው ምን ይላል? ለምን ወጣ ይላል?"

"ለገንዘብ ይላል። ልጁ የዩኒፎርም ላክልኝ ብላው ስለነበር።"

ሽማግሌው አልሳቁባትም።

"በቡና አበባ ጊዜ ቀፎ ውስጥ የሚሸጥ ነገር የለም። ይህ አባት ይህን አያውቅም ነበር?"

ቀፎ የወንዶች ሥራ ስለነበረ ለዘነበች ያስተማራት ሰው አልነበረም። መርዶው የመጣ ዕለት ግን፣ ወደ ቤት ስትሮጥ መንገዱ ግራና ቀኙ በቡና አበባ ነጥቶ ነበር። ገጽ ዘጠና አራት ላይ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው። ያየችውን ከመጻፍ በቀር ምን ማለት እንደሆነ አላወቀችም።

"ያውቃል" አለች። "አባቴ ከማንም በላይ ያውቅ ነበር።"

አባቴ የሚለው ቃል ሳታስበው አመለጣት። እንባዋ ወረደ፤ ልትጠርገውም አልሞከረች። ሠላሳ ሁለት ዓመት የተሸከመችውን ነገር አንድ የማያውቃት ሰው ከጎደለ መጽሐፍ ውስጥ አንብቦ ማውረድ እንዴት እንደተቻለው ታምር ሆኖባት፣ ሽማግሌውን ብቻ ታያለች።

ምሥራቅ ገጾቹን ልትቀበላት እጇን ዘረጋች። ዘነበች ፌስታሉን ፈታ ገጾቹን አወጣች፤ ኮላውን ግን ሳትከፍተው ወደ ቦርሳዋ መለሰችው።

"እስክሪብቶ ይኖርሻል?"

ምሥራቅ ሰጠቻት። ዘነበች ሳጥኑ ላይ ተቀምጣ ገጽ ዘጠና ሰባትን ጭኗ ላይ ዘረጋች። ወረቀት ለመቆጠብ ስትል ኅዳጉን ያጠበበችው ራሷ ናት፤ አሁን ቆጫት።

"ጋሽ ፍቃዱ፣" አለች በካፊኛ፣ "እባክዎ ቀስ ብለው ከመጀመሪያው ይንገሩኝ።"

የመጀመሪያውን አንቀጽ በአንድ መስመር ሰረዘችው፤ ከዚያ ገጹን ወደ ጎን አዙራ በጠባቡ ኅዳግ ላይ መጻፍ ጀመረች።